የአይጥ ምስክርነትና የሕፃናት ካንሰር
(በሳይንስ ተማሪዎች የውይይት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የተሰበሰብንበት ጥያቄ አጭር ነው፤ ይኸውም በአይጥ ላይ የሚደረግ ምርመራ በካንሰር ለታመመ ሕፃን ምን ይጠቅማል? የሚል ነው። በመካከላችን ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ወገን «አይጥ ሌላ፥ ሰው ሌላ፤ እንስሳውን በከንቱ ማሠቃየት ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ በቤተ ሙከራ የታየውን ሁሉ እንደ ተፈጸመ ነገር ይቆጥረዋል። እኛ ግን አይጥን እንደ ምስክር እንያት እንላለን። ምስክር ያየውን ሲጠየቅ ይጠቅማል፤ ያላየውን ሲጠየቅ ዳኛውን ያሳስታል።

አስቀድመን የጠቀመችበትን እንመልከት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1948 የቦስተኑ ሐኪም ሲድኒ ፋርበር አሚኖፕተሪን የተባለውን መድኃኒት በደም ካንሰር ለታመሙ 16 ሕፃናት ሰጥቶ በ10ሩ ላይ መሻሻል ማየቱን አስታወቀ። ይሁን እንጂ መሻሻሉ ብዙ አልቆየም፤ በሽታው ተመለሰ። ስለ ምን ተመለሰ?

ለመልሱ የረዳችው አይጥ ናት። በአሜሪካ፥ በአላባማ ክፍለ ሀገር፥ ሃዋርድ ስኪፐርና ባልደረቦቹ ኤል 1210 የተባለውን የአይጥ ደም ካንሰር ሲመረምሩ ቆይተው በ1964 ሁለት ነገር አስረዱ። አንደኛ፥ አንዲት የካንሰር ሕዋስ ብቻ ብትተርፍ ተባዝታ አይጧን ለመግደል ትበቃለች። ሁለተኛ፥ አንድ መጠን መድኃኒት የሚገድለው የተወሰነ ቁጥር ሳይሆን ከመቶ የተወሰነ እጅ ነው። ከ1,000,000,000 ሕዋሳት መካከል ከመቶ 99.9 እጅ ቢሞቱ እንኳ 1,000,000 በሕይወት ይቀራሉ። እንግዲህ ሐኪሙ ምልክቱ ጠፋ ብሎ ያሰናበተው ሕፃን በእርግጥ አልዳነም ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የተገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ መድኃኒቶቹ ተባብረው፥ ምልክቱ ከጠፋም በኋላ፥ የመጨረሻዋ ሕዋስ እስክትሞት ድረስ ሊሰጡ ይገባል። በ1962 በሜምፊስ ከተማ በተከፈተው በሴንት ጁድ ሆስፒታል ዶናልድ ፒንከል ሕክምናውን በዚህ መንገድ መራው፤ በአንጎል ዙሪያ የተሸሸገውንም በሽታ ጨምሮ ተዋጋው። በዚያው ዐሥር ዓመት መጨረሻ ላይ ከሚታከሙት ግማሽ ያህሉ ለመዳን በቁ። ዛሬ በሀብታም አገሮች ሊምፎብላስቲክ በተባለው የደም ካንሰር ከሚታመሙት 10 ሕፃናት 9 ያህሉ ይድናሉ።

አሁን ደግሞ ያችው ምስክር ልታሳስት ትችል የነበረበትን እንይ። የማዳጋስካር ተወላጅ የሆነ፥ ሮዝ አበባ ያለው አንድ ተክል አለ። በካናዳ ኖብልና ቢር የተባሉ ሊቃውንት ለስኳር በሽታ ይሆናል ብለው ሲፈትሹት የአይጦቹ ነጭ የደም ሕዋሳት ቀነሱ። ኢሊ ሊሊ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ደግሞ ፒ 1534 በተባለ ሌላ የአይጥ ደም ካንሰር ላይ ቢሞክረው የአይጦቹ ዕድሜ ተራዘመ። በኤል 1210 ላይ ግን ኃይሉ ደካማ ነበር። ሁሉም መርማሪ ኤል 1210ን ብቻ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ቪንክሪስቲን ሊታለፍ ይችል ነበር። ይህ መድኃኒት በ1963 በአሜሪካ የተፈቀደ ሲሆን እስከ ዛሬ በአገራችንም ጭምር ለሕፃናት የደም ካንሰር ይሰጣል።

ሌላም አለ። የሕፃን ካንሰር የአዋቂ ካንሰር ታናሽ ወንድም አይደለም። ብዙውን ጊዜ ገና በማደግ ላይ ካለ የሰውነት ክፍል ይነሣል፤ በዘሩ ላይ የሚገኘውም ለውጥ ጥቂት ነው። ስለዚህ የራሱን ምስክር ይሻል። በ1997 በአሜሪካ ኤም.ዋይ.ሲ.ኤን. የተባለው ዘረ መል በነርቭ ሕዋሳቷ ውስጥ እንዲበዛ የተደረገች አይጥ ኒውሮብላስቶማ የተባለውን የሕፃናት ዕጢ አበቀለች። ከታመመ ሕፃን የተወሰደ የዕጢ ቁራጭም የመከላከል ኃይል በሌላት አይጥ ላይ ይበቅላል። ነገር ግን ይህች አይጥ መከላከያ ስለሌላት፥ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያነቃቁ መድኃኒቶች ብትጠየቅ መልስ የላትም። ደግሞም አይጥ አንዳንዱን መድኃኒት ሕፃን ከሚችለው እጅግ በሚበልጥ መጠን ትችላለች። በዚያ መጠን አይጧ ብትድን ለሕፃኑ ምን ይረባዋል? እንግዲህ መመርመር ያለበት ዕጢው መጥፋቱ ብቻ ሳይሆን በአይጧ ደም ውስጥ የነበረው የመድኃኒት መጠን ጭምር ነው።

ስለ እንስሳው ሥቃይ የሚያዝኑት ጓደኞቻችንም እውነት አላቸው። ራስልና በርች የተባሉት እንግሊዛውያን በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ ሦስት ግዴታ አስቀመጡ፤ በሌላ መንገድ መተካት ከተቻለ መተካት፥ ቁጥራቸውን መቀነስ፥ ሥቃያቸውን ማቅለል። በግድየለሽነት የታቀደ ምርመራ ግን እንስሳውንም ሕፃኑንም ይበድላል፤ አንዱን በከንቱ ይገድላል፥ ሌላውን በሐሰት ተስፋ ያታልላል።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው ዕቅድ፥ በካንሰር ከሚታመሙ ሕፃናት ቢያንስ ከመቶ 60 እጅ የሚሆኑት በ2030 እንዲድኑ ግብ አድርጓል። በብዙ ድሆች አገሮች ግን ከመቶ 30 እጅ እንኳ አይድኑም። አይጧ ምስክርነቷን ከሰጠች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ ፍርዱ ግን ለእነዚህ ሕፃናት ገና አልደረሰም። ነገ በቤተ ሙከራም ሆነ በሆስፒታል የምንሠራው እኛ፥ አዲስ ምስክር ከመጥራታችን በፊት የምንጠይቀውን ጥያቄ አጥርተን እንወቅ፤ የተገኘውንም መልስ ወደ ታመመው ሕፃን አልጋ እናድርስ።