ስማቸውን በጊዜው እንጥራ

የተከበራችሁ የእድርና የአፎቻ መሪዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ ርዕሳነ መምህራን፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ሙቀቱ ሳይበረታ እንድንጨርስ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ዛሬ የምንነጋገረው በየሠፈራችን በጎ ሥራ ስለሚሠሩ ወጣቶች ነው። ማን ያውቃቸዋል? መቼ ነው የሚታወቁት? ሲታወቁስ ምን ይደረግላቸዋል?

ከራሳችን ከተማ ታሪክ እንነሳ። በ1950ዎቹ እዚሁ ድሬዳዋ ውስጥ ወጣቶች ተሰባስበው አፍረን ቀሎ የሚባል የሙዚቃ ቡድን አቋቋሙ። በአፋን ኦሮሞ በአደባባይ መዝፈን እንደ ጥፋት በሚታይበት ዘመን በየሠርጉና በየበዓሉ እየተጠሩ ተጫወቱ። ገና የ13 ዓመት ገደማ ልጅ ሳለ የተቀላቀላቸው ደግሞ በኋላ ዓለም ያወቀው አሊ ቢራ ነው። ቡድኑ ብዙ ሳይቆይ ታገደ፤ አሊም ስደትንም እስርንም ቀመሰ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት የሰጠው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ዕድሜው ከ60 አልፎ ነበር። ጥቅምት 2015 ሲያርፍ ሀገር በሙሉ አዘነ።

ያ ክብር ሁሉ ይገባዋል። ነገር ግን ያንን የ13 ዓመት ልጅ በዚያ ዕድሜው በእግሩ ያቆመው ዶክትሬት አልነበረም። ደጃቸውን ከፍተው «ኑ፣ ልጃችንን እየዳርን ነው፣ ዝፈኑልን» ያሉ ቤተሰቦች ናቸው። ከመንግሥትም ከዩኒቨርሲቲም በፊት፣ ዋጋ በሚያስከፍልበት ጊዜ፣ ልጆቹን «አይተናችኋል» ያላቸው ጎረቤት ነው። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ወጣት ላይ ለውጥ የሚያመጣው እውቅና ከቅርብ ሰው የሚመጣውና በጊዜው የሚደርሰው ነው።

ከጎረቤታችን ከሐረርም አንድ ላንሳ። ቤተልሔም ደሴን በቴሌቪዥን ያያችኋት ትኖራላችሁ፤ በኮምፒውተር ፕሮግራም ሥራና ሕፃናትን ኮድ በማስተማር ስሟ ከሀገር አልፏል። በቃለ ምልልሶቿ እንደተናገረችው ሁሉም የጀመረው የ9 ዓመት ልጅ ሆና በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ለልደቷ ገንዘብ ብታጣ የደንበኞችን ስልክ ተቀብላ ሙዚቃ መጫን፣ ቪዲዮ ማቀናበር ጀመረች። ስልኩን ያቀበላትን ደንበኛ አስቡት። «አንቺ ሕፃን ነሽ፣ አባትሽን ጥሪ» ማለት ይችል ነበር። አመናት። አንዳንድ ጊዜ እውቅና ማለት ይኸው ነው፤ እውነተኛ ሥራ በእጅ ማስያዝ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ከመሸለም የሚከብደው ማየት ነው። ዘፈን ይሰማል፣ ስልክ ሲሠራ ይታያል። የብዙዎቹ ወጣቶች ሥራ ውጤት ግን አንድ ክፉ ነገር ሳይደርስ መቅረቱ ነው። ያልደረሰ ነገር አይታይም፣ ፎቶም አይነሳም።

ትንኙን እንውሰድ። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ውስጥ ነን፤ በርሜልና ገንዳ የሌለው ግቢ ጥቂት ነው። በ2011 መጨረሻ ቺኩንጉንያ በአስር ሺዎች የምንቆጠረውን አልጋ ላይ ጥሎን እንደነበር መገጣጠሚያችሁ አልረሳውም። ወባም አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ዓመቱን በሙሉ በድሬዳዋ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 205 ነበር፤ በ2022 ግን በመጀመሪያዎቹ 5 ወራት ብቻ ከ2,400 በላይ ሆነ። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለችውን የወባ ትንኝ አገኙ፤ ከእስያ የመጣች፣ ከተማ የምትወድ፣ ባጠራቀምነው ንጹሕ ውኃ ውስጥ የምትፈለፈል ናት። እንግዲህ ከቤት ቤት እየዞረች «እማማ፣ በርሜሉን እንክደነው፣ ይቺን ጎማ እንድፋት» የምትል ልጅ ምን እየሠራች እንደሆነ አስቡ። በሩን የዘጋባት አለ፣ የተቆጣት አለ። በሽታው ከዚያ ግቢ ሲቀር ግን ማንም «እሷ ናት ያስቀረችው» አይልም።

ጎርፉም እንደዚያው ነው። ሐምሌ 1998 ማለቂያ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ወገኖቻችንን ወሰደ፤ እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ቤተሰቡን ያጣ አለ። ከክረምት በፊት በራሱ አካፋ የሠፈሩን ቦይ የሚጠርግ ጎረምሳ፣ ውኃው በሰላም ካለፈ አንድ ሰው አያስታውሰውም። በ2011 የጥምቀት ሰሞን የነበረውን ሁከትም አንርሳ። እንዲያ ባለው ቀን በስልኩ የደረሰውን ወሬ ሳያስተላልፍ ያጠፋ፣ ድንጋይ ያነሳ ጓደኛውን ክንዱን ይዞ ወደ ቤት የመለሰ ልጅ፣ ለእኔ ከማንም በላይ ሊከበር ይገባዋል።

እነዚህን ከቢሮ ሆኖ ማግኘት አይቻልም። የሚያውቃቸው ጎረቤት ነው። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት ጥቆማ ከሕዝብ የሚቀበለውም ለዚህ ነው። እኛም በቀበሌ ደረጃ ያንኑ ማድረግ እንችላለን። ጠላ ቤቷን፣ ሱቁን፣ ባጃጅ ተራውን ጠይቁ። «ሌሊት ምጥ የያዛትን ማን ነው ሳይከፈለው ጤና ጣቢያ ያደረሰው?» በሉ። «የ8ኛ ክፍል ተፈታኞችን በግቢዋ ሰብስባ የምታስጠና ማን ናት?» በሉ። በተለይ ሴት ልጆችን ፈልጉ፤ ሥራቸው ቤት ውስጥና ግቢ ውስጥ ስለሚሆን መድረክ ላይ የሚወጡት ወንዶቹ ናቸው። ምርጫው በዝምድና ወይም በአባልነት ወይም «ከዚህኛውም ብሔር አንድ ይግባ» በሚል ከተደረገ ግን ልጆቹ ወዲያው ያውቁታል፤ ያን ዕለት ክብሩ ይረክሳል።

አንዳንድ አባቶች «ልጅ ፊት ለፊት ሲመሰገን ይበላሻል፣ ለዓይንም ይጋለጣል» እንደምትሉ አውቃለሁ። ስጋቱን አከብራለሁ፤ «ማሽአላህ»ም፣ «ከዓይን ያውጣህ»ም ብላችሁ መርቁት። ልጅን የሚያበላሸው ግን ያልሠራውን ሲያወድሱት ነው። ስለዚህ ሥራውን ለይታችሁ ጥሩ። «ጎበዝ ወጣት ነው» አትበሉ፤ ምን እንደሠራ፣ የት እንደሠራ፣ ማን እንደተጠቀመ ተናገሩ። እንዲህ ሲሆን ምስጋናው ለሌላው ልጅም መንገድ ያሳያል። ፎቶ ከማንሳትና ፌስቡክ ላይ ከመለጠፍ በፊት ደግሞ ልጁንም፣ የተረዳውንም ሰው ፈቃድ ጠይቁ። የአንድ አረጋዊት ችግር የማንም ሽልማት ማሳመሪያ መሆን የለበትም።

ምን እንስጣቸው? ቲሸርትና ኮፍያ ጥሩ ነው፣ ይለበሳል፣ ያልቃል። የእኛ ወጣት የሚፈልገው ሌላ ነው። የ1996ቱ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው፤ ይህ ዕድሜ ሥራ የሚፈለግበት ነው። እድሩ ወይም አፎቻው የሠራውን ዘርዝሮ፣ ማህተም አድርጎ ደብዳቤ ይስጠው። እናንተ ቀጣሪዎች ደግሞ ያንን ደብዳቤ እንደ ልምድ ቁጠሩለት፤ ሰው ያመነውን ልጅ ማመን አይከብድም። ተፈታኞችን ለምታስጠናዋ የትምህርት ቤቱን ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት ክፈቱላት፤ ጠመኔና መብራት ከተገኘላት ተማሪው ራሱ ይመጣል። ቦይ ለሚጠርገው ጓንትና ቦቲ ግዙለት። ከሁሉም በላይ በእድሩ ኮሚቴ ውስጥ ድምፅ ያለው ወንበር ስጧቸው። ሻይ ለማዞርና ድንኳን ለመትከል ብቻ የምንጠራቸው ከሆነ፣ እምነታችን ገና አልደረሳቸውም ማለት ነው።

አሁን ወረቀት እየዞረ ነው። እያንዳንዳችሁ የአንድ ወጣት ስም፣ የሠፈሩን ስምና የሠራውን ሥራ በ2 መስመር ጻፉ። የራሳችሁን ልጅ አትጻፉ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ወይም በሐረሪ ይሁን፤ መጻፍ የማይችል ለአጠገቡ ይንገር። ወረቀቶቹን ከእናንተው የሚመረጡ 5 ሰዎች፣ ከ5ቱም ቢያንስ 2ቱ ከ30 ዓመት በታች የሆኑ፣ ሠፈር ድረስ ሄደው ጎረቤት ይጠይቁባቸዋል። እነዚህን 5 ሰዎች የምንመርጥባቸውን ስሞች ከሻይ በኋላ እንቀበላለን።