የታዛዡ ድምፅ መድከም
(በሐይቅ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



የዚሁ የሐይቅ ተወላጅ የሆኑ አንዲት እናት ውጭ አገር ወደምትኖረው ልጃቸው ዘንድ በሄዱ ጊዜ፣ ከጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በቃል ሲታዘዝ መብራት የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ አገኙ። አማርኛ ስለማይሰማ ትእዛዛቸውን በእንግሊዝኛ የሚያደርስላቸው የልጅ ልጃቸው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዳግመኛ ሲሄዱ መሣሪያው ያው፣ ጠባዩ ግን ሌላ ሆኖ ጠበቃቸው። አጥፋ ሲባል ይዘገያል፤ ያልተጠየቀውን ይተርካል፤ አንዳንዴም ሌላውን ክፍል ያጨልማል። «ድሮ ይታዘዝ ነበር፤ አሁን ይከራከራል» ሲሉ አጫወቱኝ።

እኛ የኤሌክትሪክ ሙያተኞች እንደምናውቀው ዕቃ ሲያረጅ ይደክማል። ይህኛው ግን አላረጀም። ቃሉን ሰምቶ የሚተረጉመው ክፍል በቤት ውስጥ ሳይሆን በሩቅ አገር ኮምፒዩተር ላይ ስለሚገኝ፣ ሠሪው ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ሊለውጠው ይችላል። ገዢው ለዕቃው የሚከፍለው አንድ ጊዜ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ግን ሠሪውን ወጪ ያስወጣዋል። ጉግል በጥር 2016 ዓ.ም. ከድምፅ ረዳቱ ላይ 17 አገልግሎቶችን እንደሚያነሣ አስታውቋል። አማዞንም በ2007 ዓ.ም. ያወጣውን አሌክሳን በአዲስ ዓይነት ለመተካት መነሣቱን በየካቲት 2017 ዓ.ም. ገልጿል። የቀድሞው የታወቀን ቃል ከታወቀ ተግባር ጋር ያገናኝ ነበር፤ አዲሱ መልሱን በየጊዜው ራሱ ያቀናብራል። ለጨዋታ ይበልጣል፤ አምፖል ለማጥፋት ግን የሚፈለገው ብልኀት ሳይሆን ጽናት ነው።

«በእጃችን ለሌለ ዕቃ ምን አስጨነቀን?» የምትሉ አትጠፉም። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረውን የ8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር እናስታውስ። ገበሬው ቁጥር እየተጫነ የተቀዳ የእርሻ ምክር በቋንቋው እንዲሰማ የተዘጋጀ ነው። ተራ ነገር ቢመስልም አንድ ቁጥር ሲጫን አንድ ነገር ማለት ነው። ነገ ቁጥሩ ቀርቶ በንግግር ይሁን ቢባል፣ መሣሪያው «አለ» የሚለው ቃል ሲላላና ሲጠብቅ ትርጉሙ እንደሚለያይ፣ የአምባሰልም አነጋገር የአዲስ አበባው እንዳልሆነ ማወቅ ይኖርበታል። እስኪያውቅ ድረስ ቁጥሩ እንዳይነሣ፣ በቤት መሣሪያም ዋና ዋናዎቹ ትእዛዞች እዚያው ቤት ውስጥ እንዲሠሩ ከወዲሁ እንድንጠይቅ አሳስባለሁ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወራት ስልክ ተቋርጦባት ለነበረችው ሐይቅ ምክንያቱን ማስረዳት አያሻኝም።

የእኚያ እናት ልጅ በመጨረሻ ከአልጋቸው አጠገብ የግድግዳ ማብሪያና ማጥፊያ አስገጠመችላቸው።