ከካይሮ ከተማ በታች ምን አለ?

(በማኅበራችን የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)




 ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ አርእስቱ ሲታይ የሩቅ አገር ነገር ይመስላል። ስለ ካይሮ ነው፤ ያውም ስለሚታየው ሕንፃዋና ገበያዋ ሳይሆን ከመንገዶቿ በታች ተቀብሮ ስላለው ነገር ነው። እኛ ካይሮን በዓይናችን አላየናትም፤ የምንነግራችሁ ከመጻሕፍት የለቀምነውን ነው። ዘመናቱንም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንሰጣለን። ዳሩ ግን ንግግራችን ሲፈጸም ጉዳዩ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አለመሆኑን እንደምትረዱልን ተስፋ አለን።

በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ እናንሣ። አሮጌ ከተማ ስለ ምን ከመሬት በታች ይገኛል? ከተማው ወደ ታች ስለ ሰጠመ አይደለም፤ መሬቱ ነው ወደ ላይ የሚያድገው። የሚያሳድጉትም ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ሰው፣ ሁለተኛው ወንዝ። ሰው የጭቃ ቤቱ ሲፈርስበት ፍርስራሹን ደልድሎ በላዩ ሌላ ይሠራል፤ ጥራጊውንም ከደጁ ይደፋል። ወንዙ ደግሞ በየዓመቱ ሲሞላ ደለሉን ያነጥፋል። በግብፅ የዓባይ ሸለቆ ደለሉ በመቶ ዓመት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጨምር ነበር። ይህ በአንድ ሰው ዕድሜ የማይታወቅ ትንሽ ነገር ነው። በሁለት ሺህ ዓመት ግን 2 ሜትር ይሆናል፤ ሰው የሚደፋው ሲጨመርበት ደግሞ ደጃፍ ይውጣል።

አሁን ከጥንታዊው እንጀምር። በካይሮ ሰሜን ምሥራቅ መጠሪያ የሚባል ሕዝብ የበዛበት ሰፈር አለ። ከዚህ ሰፈር በታች ያለችው ግሪኮች ሄልዮፖሊስ ያሏት የፀሐይ ከተማ ናት። ዮሴፍ ያገባት አስናት የዚህች ከተማ ካህን ልጅ እንደ ነበረች ኦሪት ዘፍጥረት ይነግረናል። ከዚያ ሁሉ መቅደስ ዛሬ ከመሬት በላይ ቆሞ የሚታየው ቀዳማዊ ሰኑስረት ያቆመው፣ 20 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ሐውልት ነው። የቀረው ከቤቶቹ ሥር ነው። በመጋቢት 2017 የግብፅና የጀርመን ተመራማሪዎች በዚሁ ሰፈር በቤቶች መካከል ሲቆፍሩ ከጭቃ ውሃ ውስጥ የአንድ ትልቅ ንጉሥ ምስል ራስና ደረት አወጡ። መጀመሪያ ዳግማዊ ራምሴስ ነው ተባለ፤ በኋላ ግን ጽሕፈቱ ሲመረመር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ቀዳማዊ ፕሳምቲክ መሆኑ ተገመተ። ጎረቤቶቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ምግብ ሲያበስሉና ልጅ ሲያሳድጉ የኖሩት በንጉሥ ራስ ላይ ነበር።

ወደ ደቡብ ብንወርድ አሮጌው ካይሮ ይገኛል። በዚያ የሮማውያን ምሽግ ነበረ፤ ስሙም ባቢሎን ይባላል። ዲዮቅልጥያኖስ ይህን ምሽግ በ300 ዓ.ም. ገደማ ሲያሠራ የዓባይ ውሃ ቅጥሩን ያጥበው ነበር። ዛሬ ወንዙ ወደ ምዕራብ 400 ሜትር ያህል ርቋል፤ የሮማውያንም ምድር ከዛሬው መንገድ 6 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ቀርቷል። በምሽጉ ደቡባዊ በር ላይ የተሠራችው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን በበሩ መተላለፊያ ላይ ስለ ቆመች የተንጠለጠለችው ትባላለች። ለአገራችን ጳጳስ ይልክ የነበረው የእስክንድርያ ፓትርያርክ በ11ኛው መቶ ዓመት መንበሩን ወደ ካይሮ ሲያዛውር መቀመጫው ያደረገው ይህችን ቤተ ክርስቲያን ነበር።

ከምሽጉ አጠገብ ዓረቦች ግብፅን በያዙ ጊዜ በ641 ገደማ ፉስጣጥን ቆረቆሩ። ፉስጣጥ እጅግ የበለጸገ ከተማ ሆኖ ሳለ በ1168 የመስቀል ጦረኞች እንዳይዙት ተብሎ በገዛ ቪዚሩ በሻዋር ትእዛዝ ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ የካይሮ ሰዎች ጥራጊ መድፊያ አደረጉት። ዓሊ ባህጋት በ1912 ማስቆፈር ሲጀምር ከጥራጊው በታች የቤቶች መሠረት፣ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ በዓለት ውስጥ የተቆፈረ የእዳሪ ጉድጓድና የፍሳሽ መውረጃ ተገኘ። ከቻይና የመጣ የሸክላ ዕቃ ስባሪም ተለቅሟል። እንግዲህ የነጋዴውን ሀብት የነገረን ቤተ መንግሥቱ ሳይሆን የሰበረውና የጣለው ሳሕን ነው።

እንደዚሁም በከተማው ምሥራቅ 500 ዓመት ያህል ጥራጊ የተከመረበት የደራሳ ኮረብታ ነበረ። ኮረብታው ተስተካክሎ በ2005 የአል አዝሃር መናፈሻ ሆኖ ሲከፈት፣ ሳላዲን በ12ኛው መቶ ዓመት ያስጀመረው የከተማ ቅጥር ከጥራጊው ሥር ወጥቶ ታየ። ጥራጊው ቅጥሩን ቀብሮታል፤ ነገር ግን ስለ ቀበረው ጠብቆታል።

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛችን ንግግሩን ስናዘጋጅ ያቀረበልንን ተቃውሞ ልንሰውራችሁ አንወድም። «ለሕያዋን ቤት ባልተረፈበት ዘመን የሞቱትን ድንጋይ ማውጣት የቅንጦት ሥራ ነው» አለን። አነጋገሩ ከቅን ልብ የመጣ ነው። መልሱን ግን ከካይሮ መሬት እናገኘዋለን።

ከከተማው በታች ያለው ድንጋይ ብቻ አይደለም፤ ውሃም አለ። የቧንቧውና የፍሳሹ ቦይ ሲያፈስ የምድር ውስጥ ውሃው ከፍ ይላል። ውሃው በግድግዳው ውስጥ እየተሳበ ይወጣል፤ ሲደርቅም የያዘው ጨው ጠጥሮ ድንጋዩን ይሰነጥቃል። በአሮጌው ካይሮ አብያተ ክርስቲያናቱን ለማዳን ውሃውን ዝቅ የሚያደርግ ሥራ መሥራት ግድ ሆኗል። በዚሁ ውሃ የድኻውም ቤት ይበላል። ከዚህም በቀር ጥቅምት 12 ቀን 1992 የመሬት መንቀጥቀጥ ሆኖ ከ500 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። መንቀጥቀጡ በዓለም ሚዛን ከታላላቆቹ የሚቈጠር አልነበረም፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ቤቶች ደካሞች ነበሩ፤ ለስላሳው ደለልም መናወጡን አባሰው። እንግዲህ ከእግሩ በታች ያለውን ያላወቀ ቤት ሠሪ ለሕያዋን አሰበ ሊባል ይቻላልን?

ወደ መጨረሻው ነጥባችን ደረስን። ያ ደለል ከወዴት መጣ? ነጭ ዓባይ የተሸከመውን በሐይቆችና በደቡብ ሱዳን ረግረግ ይተዋል። ግብፅ የደረሰው ደለል እጅግ የሚበዛው በዓባይና በተከዜ በኩል ከኛ ደጋ የታጠበ አፈር ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል» እያልን አድገናል። ተረቱ ግማሹን ብቻ ነው የነገረን። ማደሪያ አለው፤ የሚይዘውም ግንድ ብቻ አይደለም። የፕሳምቲክን ራስ የሸፈነው፣ የሮማውያንን ደጃፍ ከዋጠው አንዱ ክፍል የጎጃም፣ የጎንደርና የወሎ እርሻ ነበር። ግብፆችም አመጣጡን በክንድ ለክተው ይጠባበቁት ነበር። በሮዳ ደሴት በ861 የተሠራው የውሃ መለኪያ ጉድጓድ እስከ ዛሬ አለ፤ በመካከሉ በቆመው የእብነ በረድ ዓምድ ላይ ውሃው 16 ክንድ ሲደርስ ዘመኑ ጥጋብ ይሆን ነበር፤ ከዚያ ካነሰ ችጋር ይፈራ ነበር። እነርሱ የኛን ዝናብ ሲለኩ እኛ የሄደብንን አፈር አልለካንም።

የአስዋን ታላቅ ግድብ በ1970 ከተፈጸመ ወዲህ ደለሉ ካይሮ አይደርስም፤ ከግድቡ ኋላ ይቀራል። ነገር ግን ከኛ መሄዱን አልተወም። በሱዳን በ1966 የተሠራው የሮሴሬስ ግድብ ከፍ ተደርጎ ከመሠራቱ በፊት ከውሃ መያዣው አንድ ሦስተኛ ያህሉ በደለል ተይዞበት ነበር። በ2025 የተመረቀው የሕዳሴው ግድባችንም በዚሁ ወንዝ ላይ ቆሟል። ከእንግዲህ የሚታጠበው አፈር የሚያድረው በራሳችን ደጅ ነው። ደስ ሊለን ግን አይገባም፤ በሐይቅ ሥር የተቀበረ አፈር ጤፍ አያበቅልም፤ የግድቡንም ዕድሜ ያሳጥራል።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፥ ከመካከላችን መሐንዲስ የሚሆን ከመሥራቱ በፊት መሬቱን ይመርምር። የታሪክ ተማሪው የተሰበረውን ገል አይናቅ። የእርሻ ተማሪው ደግሞ ክረምት ሲመጣ አንድ ብርጭቆ የጎርፍ ውሃ ቀድቶ ያስቀምጠውና በማግሥቱ ከሥሩ የረጋውን ይመልከት። ካይሮን ከቀበሯት አንዱ እርሱ ነው። እርከን ሠርተን፣ ዛፍ ተክለን ከማሳው ካላስቀረነው፣ ከኛ በኋላ የሚመጡ ቆፋሪዎች የአባቶቻችንን እርሻ ፈልገው የሚያገኙት ከሌላ ከተማ በታች ይሆናል።