የኤሌክትሪክ መኪና የተጨማሪ ዋጋዋን ያህል ትጠቅማለችን?



ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚነሣው ክርክር ብዙውን ጊዜ በሁለት ወገን ተከፍሎ ይቀራል። አንደኛው የነዳጅ ሰልፉን እያሰበ ያመሰግናታል፤ ሁለተኛው የባትሪዋን ዋጋ እየጠራ ይነቅፋታል። በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትነዳ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የነገሩ መፍቻ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ኢትዮጵያ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ የብዙው ገዢ ምርጫ በአዲስ የኤሌክትሪክ መኪናና ባገለገለች የቤንዚን መኪና መካከል ሆኗል። የዋጋውን ልዩነት የሚወስነው አምራቹ ብቻ ሳይሆን ቀረጡም ጭምር ስለሆነ፣ ቀረጡ በተለወጠ ቁጥር ልዩነቱ ይጠባል ወይም ይሰፋል። ብሩም እንደ ጊዜው የሚለዋወጥ በመሆኑ፣ ሒሳቡን በሊትር ቤንዚን መሥራት ይሻላል።

አንዲት መካከለኛ የቤንዚን አውቶሞቢል በከተማ ውስጥ ለ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ያህል ትፈጃለች። አቻዋ የኤሌክትሪክ መኪና፣ ባትሪው ሲሞላ የሚባክነው ተጨምሮ፣ 18 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃታል። የዚህ ኤሌክትሪክ ዋጋ ከ1 ሊትር ቤንዚን ጋር እኩል ነው ቢባል፣ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 7 ሊትር ይተርፋል። ምክንያቱ ለባለሙያ እንግዳ አይደለም፤ በ1 ሊትር ቤንዚን ውስጥ 9 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ቢኖርም፣ ጎማው ዘንድ የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ብቻ ሲሆን፣ የቀረው በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።

የዋጋው ልዩነት 5,000 ሊትር የሚገዛ ገንዘብ ቢሆን፣ የሚመለሰው ከ71,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ነው። በቀን 150 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ባለታክሲ በ19 ወር ገደማ ገንዘቡን ያገኛል። በቀን 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ከቤቱ መሥሪያ ቤቱ የሚመላለስ ሠራተኛ ግን 8 ዓመት ያህል መጠበቅ አለበት። መኪናይቱ የተገዛችው በብድር ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ወለዱ ከመቶ 15 ቢሆን፣ የልዩነቱ ወለድ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 750 ሊትር ይሆናል፤ ሠራተኛው በዚያው ዓመት የሚያተርፈው 630 ሊትር ነው። የዕድሜ ልክ ቁጠባውን ለሚያወጣ ቤተሰብ ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ ቁጥር አይደለም። እርግጥ፣ ቤንዚን በተወደደ ቁጥር ብድሩ በሊትር ሲመዘን እየቀለለ ይሄዳል።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ በዋጋ ዝርዝሩ የማይታይ ሌላም ጥቅም አለ። በ2,400 ሜትር ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ይህ አይነካውም። 1,600 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና ከእንጦጦ 600 ሜትር ስትወርድ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ትለቃለች። በቤንዚን መኪና ይህ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ በኤሌክትሪኳ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል።

የቤት ሶኬትም ቢሆን እንደሚታማው ደካማ አይደለም። 220 ቮልትና 10 አምፔር በ8 ሰዓት ሌሊት 17.6 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ይህም ለ98 ኪሎ ሜትር ያህል ይበቃል። ነገር ግን ለአምፖልና ለምጣድ የተዘረጋ አሮጌ ሽቦ፣ ያውም የመሬት መስመር ሳይኖረው፣ ሌሊቱን ሙሉ ይህን ሸክም እንዲሸከም መተው ከቤት ቃጠሎ ጋር መጫወት ነው። የሽቦው መታደሻም ከመኪናይቱ ዋጋ ጋር መደመር ይገባዋል።

የሒሳቡ አስቸጋሪ ክፍል ባትሪው ነው። ባትሪ በመንዳት ብቻ ሳይሆን በዘመን ብዛትም ያረጃል፤ በሙቀት ስፍራና ሁልጊዜ እስከ አፉ ተሞልቶ ሲቆም ደግሞ ይፋጠናል። የአዲስ አበባ ለዘብተኛ አየር ከአፋር ቆላ ይልቅ ይስማማዋል። ብዙ አምራቾች ለባትሪ 8 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፤ ያ ግን የሚጠቅመው አምራቹ ወይም ወኪሉ በአገር ውስጥ ኃላፊነቱን ሲቀበል ነው። ከላይ የተጠቀሰው ሠራተኛ ገንዘቡን መልሶ በሚያገኝበት ዓመት ዋስትናው ያልቅበታል ማለት ነው። ስለዚህም ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው በኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከመተማመን ይልቅ፣ የባትሪው ቀሪ አቅም በመሣሪያ ተለክቶ በጽሑፍ እንዲሰጠው መጠየቅ ይኖርበታል፤ ልኬቱንም የሚያካሂደው 400 ቮልት የሚደርስን የባትሪ ኃይል ለመያዝ የሠለጠነና መከላከያ ጓንት ያጠለቀ ባለሙያ መሆን አለበት።