ከአስፋልቱ ወረድ በሉ

እሱ፦ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ወጋችን ገጠርን በእንግድነት ስለ መጎብኘት ነው።

እሷ፦ የት ገጠር?

እሱ፦ እዚሁ አዊ ዞን! የባሕር ዳር መንገደኛ እንጅባራ ምሳ ይበላል፣ ዳንግላ ቡና ይቀምሳል፣ ከዚያ እብስ!

እሷ፦ ምን ያድርግ? አውቶቡሱ አይጠብቀው።

እሱ፦ ዘንገና ሐይቅ እኮ እዚያው መንገዱ አጠገብ ነው። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ውኃ፣ ዙሪያውን ደን።

እሷ፦ ሐይቁንማ ብዙ ሰው ፎቶ ያነሣዋል። እኔ የምለው መንደሩን ነው። የቀርቀሃ አጥር፣ የድንች ማሳ፣ ደጅ የታሰረ ፈረስ።

እሱ፦ ፈረስ ካልሽማ ጥር 23 ይምጣ! የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ነው፤ ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ።

እሷ፦ ያን ቀንማ የኮቴው ድምፅ ነጎድጓድ ነው። ጭር ያለ መንደር የናፈቀው በሌላ ቀን ይምጣ።

እሱ፦ እሺ፣ ተረታሁ። ምን ይዞ ይምጣ?

እሷ፦ ጋቢ! እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ ብርዷ ቀልድ አያውቅም።

እሱ፦ ቋንቋስ?

እሷ፦ አማርኛ ያግባባል። ሰላምታውን በአዊኛ ካለ ግን ቤተኛ ሆነ ማለት ነው።

እሱ፦ ፎቶስ?

እሷ፦ አስፈቅዶ። ሰዎች ነን እንጂ ሙዚየም አይደለንም።

እሱ፦ ቡና ሲፈላስ?

እሷ፦ አቦሉን ጠጥቶ ብድግ ማለት የለም፤ በረካውን ይጠብቅ!

እሱ፦ እንግዲህ አድማጮች፣ የመንገዱን ሰላም ቀድማችሁ ጠይቁ።

እሷ፦ ከዚያ ከአስፋልቱ ወረድ በሉ። ደጃችን ክፍት ነው።