ዡልየት ተናግራ እስክትጨርስ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ልጆቻችን «ሮሜዎና ዡልየት»ን አሳጥረው በስልክ ካሜራ ፊልም ሊያደርጉት መነሣታቸውን ሰምታችኋል። ግማሹን ደብረ ብርሃን፣ ግማሹን አንኮበር ሊቀርጹ አስበዋል። ደስ ብሎናል። የሼክስፒርን ተውኔት በአማርኛ የተረጎሙልን ክቡር ከበደ ሚካኤል የሰሜን ሸዋ ልጅ ናቸው፤ ስለዚህ ሥራው ለእኛ ባዕድ አይደለም። ቀረጻው ሳይጀመር ግን አንድ አደራ አለን።

መድረክ ላይ ታሪኩን የሚሸከመው ንግግር ነው። ፊልም ግን ፊትን አቅርቦ፣ መንገዱንና ገደሉን አሳይቶ ብዙ ቃል ያስቀራል። እ.ኤ.አ. በ1936 በሆሊውድ በተሠራው ፊልም ዡልየትን የተጫወተችው ሠላሳ ዓመት ያለፋት ተዋናይት ነበረች። ጣሊያናዊው ዜፊሬሊ በ1968 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆችን መረጠ፤ ተመልካቹም የዡልየትን ልጅነት በዓይኑ አየ። ይህ መልካም ነበር። ነገር ግን ዡልየት የሚያስተኛውን መድኃኒት ከመጠጣቷ በፊት ብቻዋን ሆና ፍርሃቷን የምትዘረዝርበትን ረጅም ንግግር ቆርጦ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ተካው። «መርዝ ቢሆንስ? መቃብር ውስጥ ብቻዬን ብነቃስ?» እያለች የምትጨነቀውን ልጅ ሳንሰማት ቀረን።

አደራችን እዚህ ላይ ነው። ዡልየት 14 ዓመት አልሞላትም። በምስጢር ያገባችው ሮሜዎ አገር ለቆ እንዲሄድ ተፈርዶበታል። አባቷ ይህን ሳያውቅ ለፓሪስ ሊድራት ቀን ቆርጧል፤ እምቢ ስትል ከቤት እንደሚያባርራት ይዝትባታል። ወደ እናቷ ዞር ብትል እናቷም ፊቷን ታዞርባታለች። ያሳደገቻት ሞግዚት እንኳ ፓሪስን እንድታገባ ትመክራታለች። በአንድ ማለዳ ሦስት በር ተዘጋባት። መድኃኒቱን የጠጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ዡልየትን የገደላት ፍቅር ብቻ ነው ብሎ ፊልሙን መጨረስ እውነቱን ማጉደል ነው።

ይህን ለመረዳት ጣሊያን ድረስ መሄድ አያሻንም። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም.፣ የክልላችንም በ1995 ዓ.ም. ወጥተው የጋብቻን ዕድሜ ከ18 ዓመት ጀምሮ አድርገዋል። ሕጉ እያለም ያለ ዕድሜ ጋብቻ ጨርሶ ጠፍቷል ማለት አንችልም። ሽማግሌ ሲላክ፣ ጥሎሽ ሲቆጠር ልጅቷን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላት ማን ነው?

እናም ልጆቻችን፣ የሰይፍ ፍልሚያውን አሳጥሩ፤ ጭፈራውንም አሳጥሩ። በተውኔቱ ደብዳቤ የያዘው መነኩሴ በወረርሽኝ ምክንያት ቤት ተዘግቶበት ይቀራል፤ እናንተ መንገዱን በአንኮበር ጉም ብታስዘጉት ይገባናል። ሦስቱን የተዘጉ በሮች ግን አትቁረጡ። የልጅቷንም የፍርሃት ንግግር እስክትጨርሰው ድረስ ካሜራው ይጠብቃት።

እኛም ድርሻ አለን። ዡልየትን በምትጫወተው ልጅ አጠገብ በቀረጻው ጊዜ ሁሉ አንዲት እናት አትጠፋም። የእናትየዋንም ቦታ ከእኛ አንዷ ትጫወት። ፊቷን ስታዞር ካሜራው ይቅረባት፤ ሌሎቻችን ተቀምጠን እንየው።