ከካርድ እስከ ታይምላይን፦ የካሜራ ቀረጻን መገልበጥና ወደ ኤዲቲንግ ማስገባት

በካሴት ዘመን ምስሉ የተቀረጸበት ዕቃ ራሱ ማኅደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ገበያ የወጣው የዲቪ ካሴት ወደ ኮምፒዩተር የሚገባው እየተጫወተ ነው፤ የአንድ ሰዓት ቀረጻ ለማስገባት አንድ ሰዓት መቀመጥ ግድ ነበር። ያሰለቻል። ሥራው ሲያልቅ ግን ካሴቱ ስምና ቀን ተጽፎበት መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ ኮምፒዩተሩ ቢቃጠል እንኳ የተቀረጸው ሠርግ አለ። ሚሞሪ ካርድ ይህን ልማድ አፈረሰው። ካርዱ ለነገው ቀረጻ ስለሚፈለግ የዛሬው ይጠፋና በላዩ ሌላ ይቀረጻል። ካሴት ጎተራ ከነበረ ካርድ አቁማዳ ነው፤ እህሉን የሚይዘው ቤት እስኪገባ ብቻ ነው።

ቀረጻን ከካርዱ ማውጣትና ወደ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ማስገባት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ከሚደርሱት ጥፋቶች ብዙዎቹ ሁለቱን አንድ አድርጎ ከማየት ይመጣሉ። ፕሮግራሙ ባብዛኛው ምስሉን በሆዱ አይዝም። ፕሮጀክት የሚባለው ፋይል የሚመዘግበው የትኛው ክሊፕ የት እንደተቀመጠ፣ ከየት እስከ የት እንደተቆረጠና ምን ቀለም እንደተሰጠው ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚይዘው የክሊፑን አድራሻ ነው፤ አዶቢ ፕሪሚየር ፕሮም ኢንጀስት የተባለው ምርጫ ካልበራለት እንዲሁ ነው። የአፕል ፋይናል ከት ፕሮ ግን ከካሜራ ካርድ ሲያስገባ ይገለብጣል። ክሊፑን ከካርዱ ላይ በቀጥታ ጎትቶ ታይምላይን ላይ ያሳረፈ ጀማሪ ሥራው የሠመረ ይመስለዋል፤ ምስሉ ይታያል፣ ይቆረጣል፣ ሙዚቃ ይገባለታል። ካርዱ ሲነቀል በምስሉ ቦታ «ሚዲያ ኦፍላይን» የሚል ቀይ ሰሌዳ ይመጣል። ካርዱ በዚያ መሀል ፎርማት ተደርጎ ከሆነ በእጅ የቀረው የሌለ ምስል የተቆረጠበት ዝርዝር ነው።

እንግዲህ መገልበጡ ይቀድማል፤ የሚገለበጠውም ካርዱ ሙሉውን ነው እንጂ ቪዲዮው ተመርጦ አይደለም። የሶኒ ካሜራዎች ፎቶውን ዲሲአይኤም በሚባል ፎልደር፣ ኤክስኤቪሲ ኤስ በሚባለው ዓይነት የተቀረጸውን ቪዲዮ ግን ፕራይቬት ሥር፣ ኤም4ሩት በሚለው ውስጥ፣ ክሊፕ በተባለ ፎልደር ያኖራሉ። ዲሲአይኤምን ብቻ ገልብጦ ካርዱን ያጸዳ ሰው ፎቶውን ይዞ ቪዲዮውን ይጥላል። ሌላም ምክንያት አለ። እስከ 32 ጊጋባይት የሚይዙ ካርዶች በሚሠሩበት ፋት32 በሚባለው የፋይል አደራደር አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ሊያልፍ አይችልም፤ ካሜራው ረጅም ንግግር ሳያቋርጥ ቢቀርጽም በፋይል ይከፋፍለዋል። በተለይ ኤቪሲኤችዲ በሚባለው የቪዲዮ ዓይነት ቁርጥራጮቹን የሚያጋጥመው መረጃ በዙሪያቸው ባሉት ጥቃቅን ፋይሎች ውስጥ ነው፤ ቪዲዮው ተነጥሎ ሲወጣ መጋጠሚያው ላይ ድምፅ ሊዘል ይችላል። ፎልደሮቹ ለዓይን የማያምሩ ቢሆኑም እንዳሉ ይነሣሉ።

መጠኑም ቀላል አይደለም። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል፤ ሁለት ካሜራ አራት አራት ሰዓት ቢሠራ 360 ጊጋባይት ይሆናል። 64 ጊጋባይት ካርድ በሴኮንድ 90 ሜጋባይት ሲነበብ 12 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ በአሮጌ የዩኤስቢ 2 ካርድ ሪደር ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል። መብራት ሳይታሰብ በሚሄድበት ከተማ ይህ ልዩነት ብዙ ነው። ላፕቶፑን ባትሪው ቢያቆየውም ከሶኬት ኃይል የሚወስደው ትልቁ ሃርድ ዲስክ አብሮ ይጠፋል፤ በመሀል የተቋረጠ ኮፒ ደግሞ ካቆመበት ከሚቀጠል ከመጀመሪያው ቢደገም ይሻላል።

የፋይሎቹ ቁጥርና መጠን እኩል መሆን ደግ ምልክት ነው፤ ማረጋገጫ ግን አይደለም። መጠኑ ሳይጎድል ውስጡ የተበላሸ ፋይል ይኖራል። ማረጋገጫው ቼክሰም ነው፦ ፕሮግራሙ ዋናውን ፋይል ባይት በባይት አንብቦ አንድ አጭር መለያ ያሰላል፤ ቅጂውንም እንደዚያው። አንዲት ቢት ብትለወጥ መለያዎቹ አይገጥሙም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ኤምዲ5 የሚሰጠው መለያ 32 ፊደልና አኃዝ ነው፤ ኋላ የመጣው ኤክስኤክስሃሽ እጅግ ስለሚፈጥን በቀረጻ ቦታ እሱ ይመረጣል። ሪዞልቭ ውስጥ ያለው ክሎን የተባለ መሣሪያ እየገለበጠ ይህንኑ ያጣራል፤ ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠሩ ፕሮግራሞችም አሉ።

የቅጂ ብዛትን በተመለከተ አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስፋፋው ሕግ 3-2-1 ይባላል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሥራው ቦታ ውጭ። ሦስተኛው ቁጥር ቸል ይባላል፤ ሁለት ሃርድ ዲስክ በአንድ ቦርሳ ውስጥ ለሌባ አንድ ዕቃ ነው። ፒክሳር ቶይ ስቶሪ 2ን ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ በስሕተት በተሰጠ አንድ ትእዛዝ የፊልሙ ፋይሎች አብዛኞቹ ጠፉ። መጠባበቂያ ነበር፤ ሲከፈት ግን በወጉ ሳይሠራ መቆየቱ ታወቀ። ፊልሙን ያተረፈው የፒክሳር ባልደረባ ጌሊን ሰስማን ልጅ ወልዳ ከቤቷ ስትሠራ የያዘችው ቅጂ ነው። ተከፍቶ ያልታየ መጠባበቂያ ከመኖሩ አለመኖሩ ሳይሻል አይቀርም፤ የሌለው ሰው ቢያንስ ይጠነቀቃል።

ቅጂዎቹ ከተረጋገጡ በኋላ ካርዱ ፎርማት የሚደረገው በራሱ ካሜራ ውስጥ ነው፤ ካሜራው የሚፈልገውን የፎልደር አሠራር በልኩ ይዘረጋል። በችኮላ የጠፋ ቀረጻ ካለ ካርዱ ወዲያው ከካሜራው ይውጣ። ፎርማት ብዙውን ጊዜ የሚያጠፋው ማውጫውን ስለሆነ ምስሉ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ይቆያል፤ ፎቶሬክ የመሳሰሉ ነጻ ፕሮግራሞች ሊያወጡት ይችላሉ።

ወደ ፕሮግራሙ ማስገባቱ አሁን ይመጣል። የክሊፖቹ ስም መለወጥ ካለበት ከዚህ በፊት ነው፤ ከገቡ በኋላ ስም ወይም ፎልደር ሲለወጥ አድራሻው ይስታል። ቀጥሎ የፍሬም ፍጥነት ይታያል። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሴኮንድ 25 ፍሬምና በ1/50 ሴኮንድ የሻተር ፍጥነት የተቀረጸ ምስል የተረጋጋ ነው፤ በ30 ፍሬምና በ1/60 የተቀረጸው በአንዳንድ አምፖሎች ሥር ብልጭ ድርግም ይላል፤ ሁለቱ በአንድ ታይምላይን ሲቀላቀሉም እንቅስቃሴው ይንገጫገጫል። የስልክ ቀረጻ ሌላ ጣጣ አለው፦ የፍሬሞቹ ርቀት ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ረዘም ባለ ንግግር ከንፈርና ድምፅ እየተራራቁ ይሄዳሉ። ሃንድብሬክ በመሰለ ፕሮግራም ወደ ቋሚ ፍጥነት ከተለወጠ በኋላ ቢገባ ይስተካከላል።

አቅሙ ያነሰ ኮምፒዩተር ኤችኢቪሲ በሚባለው አጨማመቅ የተቀረጸ ቪዲዮ ሲያጫውት የሚንተፋተፈው ፋይሉ ስለከበደ አይደለም፤ ፋይሉ እንዲያውም ትንሽ ነው። አብዛኞቹ ፍሬሞች ከጎረቤታቸው የሚለዩበትን ብቻ ስለሚይዙ አንዱን ለማሳየት ሌሎቹም መፈታት አለባቸው። መፍትሔው ፕሮክሲ ነው፦ በአፕል ፕሮሬስ ወይም በአቪድ ዲኤንኤክስኤችአር የሚዘጋጅ፣ ጥራቱ ዝቅ ያለ፣ እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው የሚፈታ ቅጂ። ቆረጣው በእሱ ይሠራል፤ የመጨረሻው ቪዲዮ ከዋናው ይወጣል። ሥራው ሲጠናቀቅ ዋናው ቀረጻና ፕሮጀክት ፋይሉ ወደ መጠባበቂያው ይገባሉ፤ ፕሮክሲው ይሰረዛል፤ ካስፈለገ በሌላ ጊዜ እንደገና ይወጣል።